በጎጆ ወለል ላይ የተገኘ የእንግሊዝ ሸክላ፦ ገል ስለ ቤተሰብ ምን ያህል ይናገራል?

እ.ኤ.አ. በ1968 ቻርልስ ፌርባንክስ የተባሉ የአርኪዮሎጂ ምሁር በፍሎሪዳ፣ በፎርት ጆርጅ ደሴት፣ ኪንግስሊ በተባለው የእርሻ ግዛት ውስጥ በባርነት የተያዙ ሰዎች ይኖሩባቸው የነበሩ ጎጆዎችን ቆፈሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) እስከዚያ ጊዜ ድረስ የባለሙያዎች ዐይን በአመዛኙ ያረፈው በባለ ርስቶች መኖሪያና በምሽጎች ላይ ነበር። ከጎጆ የሚወጣው ቅርስ ለዐይን የሚማርክ አይደለም፤ ምስማር፣ የእንስሳት አጥንት፣ የልብስ ቁልፍ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ከዚያም በብዛት የሸክላ ገል ነው። ገሉ ግን ከውቅያኖስ ማዶ፣ በአብዛኛው ከእንግሊዝ አገር ከስታፈርድሻየር ወርክሾፖች የመጣ ነው። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ነው። የራሱ ጉልበት እንኳ የራሱ ያልሆነ ሰው የእንግሊዝ ጎድጓዳ ሳህን በቤቱ ሲገኝ፣ ያ ዕቃ ስለ ኑሮው ምን ይመሰክራል?

አስቀድሞ ሸክላ ለዘመን መለያ ለምን እንደሚመረጥ መናገር ያስፈልጋል። የተተኮሰ ጭቃ አይበሰብስም፤ በቀላሉ ይሰበራል፤ ሲሰበርም ይጣላል። በዚያ ላይ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የስታፈርድሻየር ሠሪዎች የቻይናን ፖርሲሊን ለመተካት ይሽቀዳደሙ ስለ ነበር የዕቃው ዓይነት በፍጥነት ይለዋወጥ ነበር። (እኛም «ሲኒ» የምንለው ቃል በዐረብኛ «የቻይና» ማለት መሆኑ የዚያን ዕቃ ዝና ያሳያል።) ጆሳያ ዌጅዉድ ከ1762 ገደማ ጀምሮ ክሪምዌር የተባለውን ገጣ ያለ ሸክላ አሻሽለው አቀረቡ፤ ንግሥት ሻርሎት ካዘዙ በኋላም «የንግሥቲቱ ሸክላ» ተብሎ ተሸጠ። በ1779 ደግሞ በልባሱ ውስጥ ጥቂት ኮባልት በመጨመር ነጣ ብሎ የሚታየውን ፐርልዌር አወጡ። ተማሪ ሁለቱን ለመለየት የሳህኑን መቀመጫ ገልብጦ ልባሱ የተጠራቀመበትን ጥግ ማየት ይበቃዋል፤ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ክሪምዌር ነው፤ ሰማያዊ ቢሆን ፐርልዌር ነው። ከ1820ዎቹ ወዲህ ደግሞ ነጩ ሸክላ ገበያውን ያዘ።

በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ተመሥርተው ስታንሊ ሳውዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ «የሸክላ አማካይ ዘመን» የሚባለውን ስሌት አቀረቡ። ለእያንዳንዱ ዓይነት የተመረተበት ዘመን አጋማሽ ይወሰዳል፤ በገሉ ቁጥር ይባዛል፤ ድምሩ ለጠቅላላው የገል ቁጥር ይካፈላል። ለማሳያ ያህል ከአንድ ጉድጓድ 40 የክሪምዌር ገል (አጋማሹ 1791)፣ 50 ጌጥ የሌለው የፐርልዌር ገል (1805) እና 10 ሰማያዊ ሥዕል የታተመበት የፐርልዌር ገል (1818) ወጡ እንበል። ድምሩ 180,070 ይሆናል፤ ለ100 ሲካፈል 1801 ገደማ ይመጣል።

ስሌቱ ቀላል በመሆኑ ያታልላል። እኔም በመጀመሪያው የልምምድ ሥራዬ ውጤቱን የቤቱ ዘመን አድርጌ ጽፌ ነበር፤ መምህሬ በቀይ እስክርቢቶ የጻፉልኝ «ማን ገዛው?» የሚል ብቻ ነበር። ነገሩ ከተረዳኝ የቆየሁት በኋላ ነው። ቀመሩ የሚነግረን ዕቃው መቼ እንደ ተሠራ ነው፤ መቼ እንደ ተጣለ አይነግረንም። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ እንደ ባለቤቱ ሁኔታ ይረዝማል፣ ያጥራል። ከላይ በጠቀስኩት ጉድጓድ ውስጥ አንድ የነጭ ሸክላ ገል ብትጨመር አማካዩን እምብዛም አታንቀሳቅሰውም፤ ጉድጓዱ ከ1820ዎቹ በፊት ሊሞላ እንደማይችል ግን እርሷ ብቻ ትመሰክራለች። ስለዚህ አማካዩንና የመጨረሻዋን ገል ሁልጊዜ አስተያይቶ ማንበብ ይገባል። በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት ሲገኝ ስሕተት ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ዕቃው አሮጌ ሆኖ ወደ ቤቱ እንደ ገባ መጠርጠር የተሻለ ነው።

ከዘመን ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ጉዳይ ነው። ጆርጅ ሚለር በ1980 የ19ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የሸክላ ዋጋ ዝርዝሮች መርምረው፣ ጌጥ የሌለውን ተራ ሸክላ 1.00 ብለው በመነሣት ሌላው ዕቃ የዚህ ስንት እጥፍ እንደሚያወጣ የሚያሳይ መለኪያ አዘጋጁ። ጠርዙ ብቻ የተቀባ ሳህን ወይም በቀለም መስመር የተከበበ ጎድጓዳ ሳህን በጌጠኞቹ መካከል ርካሹ ነው፤ በእጅ የተሣለው ከዚያ ይበልጣል፤ ከመዳብ ቅርጽ ወደ ስስ ወረቀት፣ ከወረቀቱም ወደ ሸክላው የተገለበጠ ሥዕል ያለበት ደግሞ ከላይ ይቀመጣል።

ይህን ዓይነት የደረጃ ልዩነት በአንድ ስፍራ ለማየት የጆን ሶሎሞን ኦቶን ሥራ የሚያህል ጥቂት ነው። ኦቶ በ1970ዎቹ በጆርጂያ፣ በሴንት ሳይመንስ ደሴት፣ ካኖንስ ፖይንት በተባለ የጥጥ እርሻ ግዛት ውስጥ የባለ ርስቱን ማዕድ ቤት፣ የነጩን የሥራ ተቆጣጣሪ ቤትና በባርነት የተያዘ ቤተሰብ ጎጆ አነጻጽረዋል። በባለ ርስቱ ዘንድ ሥዕል የታተመባቸው ዝርግ ሳህኖች በዙ፤ በጎጆው ዘንድ በመስመር የተከበቡ ጎድጓዳ ሳህኖች ጎልተው ታዩ። የሚያስገርመው ተቆጣጣሪው ነው። በቆዳው ቀለም ከጌታው ጋር ቢቆጠርም፣ በሸክላው ግን ይበልጥ የሚቀርበው ለጎጆው ነበር። ሕግ በዘር የለያቸውን ሁለት ቤቶች ድህነት በገበታ ላይ አቀራርቧቸዋል።

ጎድጓዳው ሳህን ምን ማለት ነው? ኦቶ ከአጥንቱ ጋር አያይዘው አነበቡት፤ በጎጆው የተገኘው አጥንት በመጥረቢያ የተፈለጠ ሲሆን፣ ይህም ሥጋው ከሌላ ነገር ጋር በድስት ይቀቀል እንደ ነበር ያመለክታል። ወጥ የሚበላው በጎድጓዳ ዕቃ ነውና። ለሌላንድ ፈርግሰን ግን ጉዳዩ በእጦት ብቻ አያልቅም። እርሳቸው ኮሎኖ በተባለው፣ ባሮቹ ራሳቸው በእጃቸው በሠሩት ሸክላ ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የትንንሽ ጎድጓዳ ዕቃዎች መብዛት ገንፎ መሰል ምግብን ከወጥ ጋር ከሚያቀርበው የምዕራብ አፍሪካ አመጋገብ ጋር እንደሚስማማ አሳይተዋል። የእንግሊዙ ጎድጓዳ ሳህን ይህንኑ ቦታ ተክቶ ይሆናል።

በበኩሌ ወደ ፈርግሰን አደላለሁ፤ ምክንያቱም ዝርግ ሳህንን የኑሮ ደረጃ መለኪያ ማድረግ የአንድን ሕዝብ የአበላል ሥርዓት ለሁሉም መስፈሪያ ማድረግ ነው። ከአንድ መሶብ የሚበላ ስምንት ሰው ያለበት የጎንደር ቤተሰብ ገሉ ቢቆጠር ስንት ሳህን ይተርፈዋል? ቆጣሪው ባዶ ቤት ነበር ብሎ ሊጽፍ ይችላል። የሚለርም መለኪያ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። ሸክላውን የገዛው ጌታው ከሆነ መለኪያው የሚለካው የጎጆውን አቅም ወይም ምርጫ ሳይሆን የጌታውን ቁጥብነት ነው።

ታዲያ ማን ገዛው? ሦስት መንገዶች ይታሰባሉ፤ ጌታው ለጎጆ ብሎ የገዛው፣ ከጌታው ገበታ ያረጀው፣ ባሮቹ ራሳቸው የገዙት። ሦስተኛው እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በጆርጂያ ጠረፍ የዕለት ሥራ ተቆርጦ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ሥራውን ቀድሞ የጨረሰ ሰው የጓሮ አትክልት ያለማ፣ ዶሮ ያረባ፣ ይሸጥም ነበር። በቨርጂኒያም የቶማስ ጄፈርሰን የልጅ ልጅ አን ኬሪ ራንዶልፍ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጻፈችው የወጪ መዝገብ፣ የሞንቲቼሎ ቤት እንቁላልና ዶሮ ከባሮቹ በገንዘብ ሲገዛ ይታያል። በዚያው ስፍራ ከባሮቹ መኖሪያ የቻይና ፖርሲሊን ጭምር ወጥቷል።

መንገዶቹን ለመለየት የሥዕሉን ዓይነት ማመሳከር ይረዳል። በጎጆ የተገኘው ሥዕል በጌታው ማዕድ ቤትም ካለ፣ ዕድሜውም ከጎጆው ሌሎች ዕቃዎች ከቀደመ፣ የተላለፈ ነው ማለት ያስኬዳል። በጌታው ቤት ፈጽሞ ከሌለ ግዢው ይታሰባል። ከ1842 እስከ 1883 በእንግሊዝ ዕቃዎች ጀርባ ይታተም የነበረው የአልማዝ ቅርጽ ያለው የምዝገባ ምልክት ደግሞ፣ ከተገኘ፣ ንድፉ የተመዘገበበትን ቀን ሳይቀር ይሰጣል። ለዚህ ሁሉ ግን ገል መቁጠር አይበቃም፤ አንድ ትልቅ ሳህን 30 ቦታ ሲሰበር አንድ ሲኒ 5 ቦታ ሊሰበር ይችላልና፣ ጠርዝን ከጠርዝ፣ መቀመጫን ከመቀመጫ ገጥሞ ቢያንስ ስንት ዕቃ እንደ ነበረ ማስላት ይገባል። በገል ቁጥር ብቻ የተመዘገቡ የቆዩ ስብስቦች ሣጥናቸው ተከፍቶ እንደገና መገጠም ይኖርባቸዋል።