ቀለም ከማስቀባትህ በፊት ወንበሩን አንሣ

(ሐይቅ ከተማ፣ ከአንድ ነባር መካኒክ ደጃፍ)

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ አባቴ ቮልሱን ሽጥልኝ ብሎ ውክልና ሰጥቶኛል። ገዢው ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ «ኦርጅናል ካልሆነ አልፈልግም» ብሏል። ቀለም ላስቀባው?

አዛውንቱ፦ ኧረ ተው ልጄ! አዲስ ቀለም ያየ ገዢ ይጠረጥርሃል። ይልቅ የኋላውን ወንበር አንሣ። ባትሪው በቀኝ በኩል አለ አይደል? አሲዱ ወለሉን ስለሚበላው ብዙ ቮልስ እዚህ ጋ ላሜራ ተበይዶበታል። አሁን መሐል ላይ ጉብ ያለውን ብረት ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጥረገው። ግራይንደር እንዳታስጠጋበት! ቁጥሩ ታየህ?

ወጣቱ፦ አዎ፣ ዘጠኝ አኀዝ ነው። 117 ብሎ ይጀምራል።

አዛውንቱ፦ 11 የመኪናው ዓይነት ነው፤ 7 ደግሞ የ1967 ሞዴል ነው ማለት ነው፣ በፈረንጆቹ።

ወጣቱ፦ ሊብሬው ግን 1966 ይላል። ተታለን ይሆን?

አዛውንቱ፦ አይዞህ። ፋብሪካው የ1967ን ሞዴል መሥራት የጀመረው በ1966 ኦገስት ላይ ነው። አንተ ሙሉ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አኀዝ በአኀዝ አመሳክር። የፊቱን ኮፈን ክፈትና ከትርፍ ጎማው ኋላ ያለችውን ትንሽ ሳህንም አንብብ፤ ያንኑ ቁጥር መያዝ አለባት። የቮልስ ወለልና ቦዲ የተያያዙት በብሎን ስለሆነ፣ የአንዱን ቦዲ አውርዶ በሌላው ወለል ላይ መጫን ይቻላል። ሳህኗ ከቦዲው ጋር ስለምትሄድ ታጋልጣለች።

ወጣቱ፦ ገጥሟል። የሞተሩስ?

አዛውንቱ፦ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ተመልከት።

ወጣቱ፦ በ«ዲ» ይጀምራል። ሊብሬው ላይ ያለው ግን በ«ኤች» ነው።

አዛውንቱ፦ እንግዲያው ሞተሩ ተለውጧል። ኤች 1500 ሲሲ ነበር፤ ይኼ 1200 ነው።

ወጣቱ፦ አንድ ልጅ «የድሮውን ፍቄ የሊብሬውን ቁጥር ልምታበት» ብሎኝ ነበር።

አዛውንቱ፦ በፍጹም! ወንጀል ነው። በእጅ የተመታ ፊደል መስመሩን አይጠብቅም፤ የተፋቀው ብረትም ያስታውቃል። ያንን ያየ ገዢ እውነተኛውን የሻንሲ ቁጥርህንም አያምንህም። የአምባሰልን ዳገት ሲወጣ የኖረ መኪና ሞተር ቢቀይር ነውር የለውም።

ወጣቱ፦ ታዲያ ገዢውን በምን ላሳምነው?

አዛውንቱ፦ ሁሉንም ቁጥር ፎቶ አንሥተህ ላክለት፤ ወለሉ ተበይዶ ከሆነም አሳየው። ጀርመን፣ ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን ሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ መዝገብ አይቶ መኪናው የተሠራበትን ቀንና የፋብሪካ ቀለሙን የሚገልጽ ወረቀት በክፍያ ይሰጣል። ገዢው አጥባቂ ከሆነ እሱን ይጠይቅ። የአንተ ሥራ ሞተሩን ማስመዝገብ ነው። ወደ መንገድ ትራንስፖርት ሂድ፤ የሞተሩን ደረሰኝ ከአባትህ ፈልግ። መለወጡም በሽያጭ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሊብሬው ሳይስተካከል ቀብድ አትቀበል።