የማዕዳችን ስብጥርና የአንጀት ጤና
ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ትምህርት



ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ በባቢሎን ንጉሥ ቤት ሳሉ ከንጉሡ ማዕድ መብላትን ትተው ለዐሥር ቀናት ጥራጥሬ እየበሉ ውኃ እየጠጡ እንደ ቆዩ፣ ከዚያም በኋላ ፊታቸው ከሌሎቹ ይልቅ አምሮ እንደ ታየ በጉባኤ ስናስተምር ኖረናል። የታሪኩ ዋና ትምህርት ስለ እምነት መሆኑ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን በየዓመቱ ብዙውን ቀን በጾም ለሚያሳልፍ ሕዝብ ሌላም ጥያቄ ያስነሣል፦ በጾም ማዕዳችን ላይ የሚቀርበው የዕፀዋት ምግብ ሰውነትን በእውነት የሚጠብቅ ነውን? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋማ አካባቢ ኑሮ መነጽርነት ይመረምራል።

፩. በአንጀት ውስጥ ያለው የማይታይ ማኅበር

በሰው ትልቁ አንጀት ውስጥ ለቍጥር የሚያዳግቱ ረቂቃን ተሕዋስያን ይኖራሉ። ብዙዎቹ የሚጎዱን ሳይሆኑ የሚያገለግሉን ናቸው። እኛ ከበላነው ምግብ ጨጓራና ቀጭን አንጀት ሊፈጩት የማይችሉት ክፍል አለ፤ እርሱም አሰር ይባላል። በእህል ገለፈት፣ በጥራጥሬ፣ በቅጠልና በፍራፍሬ ውስጥ ይገኛል፤ በሥጋ፣ በወተትና በዘይት ውስጥ ግን የለም። አሰሩ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ተሕዋስያኑ እንደ እርሾ አብላልተው አጫጭር የስብ አሲዶችን ያወጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ቡቲሬት የተባለው ሲሆን፣ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት በዋናነት የሚመገቡት እርሱን ነው። ግድግዳው ሲጠነክር ጎጂ ነገር ወደ ደም እንዳይዘልቅ ይከለክላል፤ ቁጣውም ይበርዳል።

እያንዳንዱ የተሕዋስ ወገን የየራሱ ምግብ አለው። የገብስን አሰር የሚወድ ሌላ፣ የባቄላን የሚወድ ሌላ፣ የሽንኩርትን የሚወድ ሌላ ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እህል ብቻ የሚመገብ ሰው ጥቂቶቹን ሲያጠግብ ሌሎቹን ያስርባል። የእርሻን ነገር ለሚያውቅ ገበሬ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አንድ ማሳ በየዓመቱ አንድ እህል ብቻ ቢዘራበት ምን እንደሚሆን እርሱ ከማንም በላይ ያውቃል።

፪. ጥናቶች የሚሉት

በዩጋንዳ ለብዙ ዓመታት በቀዶ ጥገና ሐኪምነት ያገለገለው አየርላንዳዊው ዴኒስ በርኪት፣ በአውሮፓ የተለመዱ የአንጀት ሕመሞች በአፍሪካ ገጠር እምብዛም እንደማይታዩ አስተውሎ፣ ምክንያቱ የምግቡ አሰር ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ነገሩን በሙከራ ፈተሸ። 20 አፍሪካ አሜሪካውያንና 20 የደቡብ አፍሪካ የገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግባቸውን ተለዋወጡ። አሜሪካውያኑ አሰር የበዛበትን የአፍሪካ ገጠር ምግብ ሲበሉ የአንጀታቸው ቁጣ ቀነሰ፣ ቡቲሬት የሚያወጡት ተሕዋስያን ሥራም ጨመረ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ስብ የበዛበትንና አሰር ያነሰውን ምግብ ሲበሉ ግን ለትልቁ አንጀት ካንሰር መንገድ የሚጠርጉ ምልክቶች ታዩባቸው። ይህ ሁሉ በሁለት ሳምንት ብቻ መሆኑን እናስተውል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት፣ በሳምንት ከ30 በላይ የዕፀዋት ዓይነት የሚመገቡ ሰዎች 10 ወይም ከዚያ በታች ከሚመገቡት ይልቅ በአንጀታቸው ውስጥ የበለጠ የተለያየ የተሕዋስያን ወገን እንዳላቸው አመለከተ። ተሳታፊዎቹ በአመዛኙ የበለጸጉ አገሮች ሰዎች ነበሩ፤ ጥናቱም ዝምድናን እንጂ መንሥኤንና ውጤትን በቀጥታ አያረጋግጥም። ስለዚህ 30 የሚለውን ቍጥር እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መለኪያ ዘንግ እንያዘው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ፣ ቢያንስ 25 ግራም አሰርም ይመክራል። አገራችንም በ2014 ዓ.ም. ባወጣችው የአመጋገብ መመሪያ የምግብን ስብጥር ዋና ጉዳይ አድርጋለች።

፫. ከደላንታ የተገኘ መራራ ትምህርት

የስብጥር ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን፣ ከበሽሎ ወንዝ ማዶ ባለው በደላንታ የሆነውን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሌላውን ሰብል ሲያጠፋ ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ ብቻ ቀረ። ሕዝቡም ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ጓያን ለወራት ዋና ምግቡ አደረገ። ከዚያም እግርን የሚያሽመደምደው በሽታ በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ጓያ በውስጡ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው፤ አንድ ጊዜ የሸበበው እግር ደግሞ አይመለስም።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና የሥራ ባልደረቦቻቸው ወረርሽኙን አጥንተው ያገኙትን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳትመዋል። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በጥሬ እሸት መልክ የበሉት ለበሽታው ይበልጥ ተጋልጠው ተገኙ። ጓያውን ከሌሎች እህሎች ጋር ቀላቅለው፣ ሽንኩርትና ቅመም ከገባበት ወጥ ጋር የበሉት ግን አደጋቸው ቀንሶ ነበር። በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ችግር ዘመን፣ ስብጥር በእግር በመሄድና ባለመሄድ መካከል ልዩነት ሆነ ማለት ነው።

ይህ ጓያን ያለ ሥጋት እንብላ ማለት አይደለም። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ጓያ የየዕለት ዋና ምግብ እንዳይሆን፣ በተለይም በእሸትነቱና በቆሎ መልክ ለእረኛ ልጆች እንዳይሰጥ ካህናት ደጋግመው ሊያስተምሩ ይገባል። ሽሮ የሚገዛ ቤተሰብም ከምን እንደ ተፈጨ ይጠይቅ።

፬. ጓዳችን ምን አለው?

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚጓዝ ሰው ውርጭ ከሚመታው የገብስ ደጋ ይጀምርና የስንዴውን፣ የባቄላውንና የጤፉን ማሳ አልፎ ማሽላ እስከሚበቅልበት የዓባይ በረሃ አፋፍ ይደርሳል። በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ሦስት የአየር ጠባይ አለ። የገበያ ቀን የቆላው ሰውና የደጋው ሰው የሚገናኙት፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት እህል የሚለዋወጡት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ በረከት ወደ እያንዳንዱ ገበታ ቢደርስ የሠላሳው ቍጥር ሩቅ አይደለም። አብረን እንቍጠር፦

ከእህል፦ ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ማሽላ (4)።
ከጥራጥሬ፦ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ (8)።
ከቅባት እህል፦ ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ (12)።
ከአትክልት፦ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ዱባ፣ ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት (22)።
ከፍራፍሬ፦ ሎሚ፣ ኮክ (24)።
ከቅመም፦ በርበሬ፣ አብሽ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም (30)።

ቅመሙ በጥቂቱ ስለሚገባ እንደ ሙሉ ምግብ ባይቆጠር እንኳ 24 ይቀራል። በክረምት የሚለቀመው ሳማ፣ በየአጥሩ ያለው በለስ፣ በየጫካው የሚገኙት አጋምና ቀጋ ሲጨመሩ ደግሞ ቍጥሩ ከፍ ይላል።

አባቶቻችን መቀላቀልን ያውቁ ነበር። በጸሎተ ሐሙስ የሚቀርበው ጉልባን ስንዴና ባቄላ የተዋሐዱበት ነው። የተልባ ፍትፍት፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ስልጆ፣ አዝፋ፣ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ሁሉም የስብጥር ማዕድ ናቸው። የሊጡ መብላላትም በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አሥሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ፣ በሚገባ የቦካ እንጀራ ለሰውነት ይበልጥ ይጠቅማል። የጠፋው ዕውቀቱ አይደለም። ባቄላውና ምስሩ ለገበያ እየወጣ፣ በቤት የሚቀረው እንጀራና ስስ ሽሮ ብቻ እየሆነ መምጣቱ ነው ችግሩ። ጥራጥሬ ሸጦ በምትኩ ነጭ ዱቄት፣ ፓስታና ዘይት የሚገዛ ቤተሰብ ገንዘብ ያገኘ ይመስለዋል፤ አሰሩን ግን ሸጦታል።

፭. ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

አንደኛ፣ ጥራጥሬና ቅጠል ያልለመደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያበዛ ሆዱ ይነፋል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ይጨምር፣ ውኃም በደንብ ይጠጣ። ሁለተኛ፣ በጥሬው የሚበላ አትክልት በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ተቅማጥና የአንጀት ትላትል ያመጣል፤ የውኃና የመጸዳጃ ቤት ንጽሕና ከምግቡ ተለይቶ አይታይም። ሦስተኛ፣ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ሰውነት ከዕፀዋት የሚያገኘውን ብረት ይቀንሳሉ፤ ቡናው ከማዕዱ ራቅ ቢል፣ በምስሩና በጎመኑ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ይመረጣል። አራተኛ፣ ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው በዕፀዋት ውስጥ አይገኝም፤ ስለዚህ በፍስክ ቀናት እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ያለው ቤተሰብ ሁሉን ሸጦ መጨረስ የለበትም። አምስተኛ፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ጠቃሚዎቹንም ይገድላል። ስድስተኛ፣ ሰገራው ላይ ደም ያየ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ የሆድ ሕመሙ የቆየበት ሰው ምግብ በመቀየር ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስለ ሕፃናትና ስለ እናቶችም የካህናት ቃል ከባድ ሚዛን አለው። ሕፃናት ሰባት ዓመት ሳይሞላቸው ጾም አይገደዱም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕመምተኛም፣ ከንስሐ አባት ጋር እንዲመካከሩ ማበረታታት የአባትነት ሥራ ነው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ባወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ገብቷል። ይህ ቃል የሚፈጸመው በየጓዳው ነው፤ ወደየጓዳው ገብቶ የሚሰማ ደግሞ የንስሐ አባት ነው።

፮. ሰበካ ጉባኤ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ሀ) በሰንበቴና በማኅበር ጽዋ ላይ የሚቀርበው ንፍሮ ከአንድ እህል ብቻ ሳይሆን ከስንዴ፣ ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽምብራ እንዲቀላቀል መስማማት። ወጪው እምብዛም አይጨምርም፤ ምሳሌነቱ ግን ትልቅ ነው።

ለ) ከቤተ ክርስቲያኑ ይዞታ ጥቂት መሬት ለጓሮ አትክልት መለየት፤ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት ማልማት።

ሐ) ከዚህ ምርት ቀዳሚዎቹ ተጠቃሚዎች የአብነት ተማሪዎች ይሁኑ። እነዚህ ልጆች በአኰፋዳቸው ከሚሰበስቡት ደረቅ ቁራሽ ሌላ የሚበሉት ብዙ የላቸውም። ነገ ቅዳሴውንና ዜማውን የሚረከቡን በአንድ ዓይነት ቁራሽ ካደጉ፣ ጉዳቱ የደብሩም ጭምር ነው።

መ) በየቤቱ ከጓሮ የሚጠፋውን ዘር በምርት ጊዜ ሰብስቦ ለቀጣዩ ወቅት መለዋወጥ።

ሠ) ከዐቢይ ጾም፣ ከፍልሰታና ከነቢያት ጾም በፊት ባሉት ሰንበታት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጋብዞ ከቅዳሴ በኋላ አጭር ትምህርት ማሰጠት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሳምንት በቤታችሁ ስንት ዓይነት የዕፀዋት ምግብ ተበላ? ቈጥራችሁ ለጉባኤው አቅርቡ።
2. በልጅነታችሁ ይበላ የነበረ፣ ዛሬ ግን ከማዕዳችሁ የጠፋው ምንድን ነው? ለምን ጠፋ?
3. በአጥቢያችሁ ጓያን አዘውትሮ የሚመገብ ቤተሰብ አለን? በምን መልክ ያዘጋጀዋል? ማን ሊያነጋግረው ይገባል?
4. የአብነት ተማሪዎቻችሁ በሳምንት ስንት ቀን ጥራጥሬና ቅጠል ያገኛሉ?

ጾም ከምግብ መከልከል ብቻ እንዳልሆነ እናስተምራለን። በተፈቀደልን ምግብም በማስተዋል መጠቀም፣ ከእርሱም ለሌለው ማካፈል የዚያው ጾም ክፍል ነው። የምድሩን ፍሬ በየዘሩ የፈጠረ አምላክ ማዕዳችሁን ይባርክ፤ አገልግሎታችሁንም ያጽና።