የአያት አገር ሁልጊዜ ቤት ይሆናልን?

አንድ ሰው አደጋ ደርሶበት ቤቱን፣ ቤተሰቡንና ንብረቱን በአንድ ቀን ሲያጣ «ወደ አያቶችህ አገር ና» ቢባል ጥሪው የወገን ጥሪ ነውን? ወይስ ሸክሙን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ማዛወር ነው? ይህ ጥያቄ ሩቅ አገር ያለ ጥያቄ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ከዓመታት በፊት እዚሁ በመካከላችን፣ ከካዛንቺስ እምብዛም በማይርቀው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ተነሥቶ ነበር። የሰፈሩ ሰው ከዚያ ሰሞን የሚያስታውሰው የመንገዱን መዘጋት ብቻ ይሆናል። በአዳራሹ ውስጥ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ ግን ዛሬም ትምህርት አለው።

ነገሩ እንዴት ነበር?

ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. በካሪቢያን ባሕር የምትገኘው ሔይቲ በከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ ፈራረሰች። የሟቾቹ ቁጥር ግምት ቢለያይም የአገሪቱ መንግሥት ከ300 ሺህ በላይ ነው ብሏል። 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ደግሞ ቤት አልባ ሆኖ በድንኳንና በላስቲክ ሥር ወደቀ።

የሔይቲ ሕዝብ ማን ነው? አያቶቹ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ በሰንሰለት ታስረው የተወሰዱ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ባሪያዎች በጌቶቻቸው ላይ ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1804 ነፃነታቸውን አወጁ። ፈረንሳይ ግን እ.ኤ.አ. በ1825 ለቀድሞ ባለንብረቶች ካሳ ይሆን ዘንድ 150 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፍሉ ጠየቀቻቸው። በኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ዝቅ ቢልም፣ ነፃ የወጣው ሰው ለነፃነቱ ዋጋ ለቀድሞ ጌታው እንዲከፍል ተገደደ ማለት ነው። የሔይቲ ድህነት ከሰማይ የወረደ አልነበረም።

አደጋው ሳምንት ሳይሞላው የሴኔጋሉ ፕሬዚዳንት አብዱላዬ ዋድ ተነሥተው፣ የሔይቲ ሰዎች የአፍሪካ ልጆች ስለሆኑ መመለስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት እንሰጣለን አሉ። ጥቂቶች ከመጡ ቤትና ቁራሽ መሬት፣ በብዛት ከመጡ ደግሞ አንድ ክልል እንደሚሰጣቸው ቃል አቀባያቸው ተናገረ። ከጥር 23 እስከ 25 ቀን በአዲስ አበባ በተደረገው 14ኛው የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤም ሐሳቡ ቀረበ። የኅብረቱ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ዣን ፒንግም ሐሳቡን ደግፈው ተናገሩ።

ውጤቱስ?

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 163 የሔይቲ ተማሪዎች ዳካር ገቡ። በክብር ተቀበሏቸው፤ በዩኒቨርሲቲም የመማር ዕድል አገኙ። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። የተባለው የብዙኃን ሰፈራ ግን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2012 ፕሬዚዳንት ዋድ በምርጫ ተሸንፈው ከሥልጣን ወረዱ።

ለምን አልሆነም? በመጀመሪያ ጋባዡ ራሱ ችግር ነበረበት። የዳካር ዳርቻዎች፣ ፒኪንና ጌዲያዋዬ፣ በየክረምቱ በጎርፍ የሚጥለቀለቁ ነበሩ። መንግሥት በ2005 ከደረሰው ጎርፍ በኋላ ለተጎጂዎች ጃክሳይ የተባለ የቤት ፕሮግራም ቢጀምርም በ2009 ደግሞ ሌላ ጎርፍ መጣ። የአገሩ ሰው «እኛስ?» ብሎ ቢጠይቅ ይፈረድበታልን?

ሁለተኛ፣ የተጋበዘው ሰው እግር ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር። ከአደጋው በኋላ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሔይቲያውያን ወደ ብራዚል፣ ቆየት ብሎም ወደ ቺሊ ተሰደዱ። ብራዚል የአያታቸው አገር ስለሆነች አልነበረም። ሥራ ስለነበረና እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሰብዓዊነት ቪዛ ስለሰጠቻቸው ነው። እንጀራና ሕግ ባለበት ሰው ይሄዳል። የደም ትስስር ልብን ይስባል፤ ሆድን ግን አይሞላም፤ መታወቂያም አይሆንም።

የእኛስ አገር?

ይህን ስንል በሌላው ላይ ለመፍረድ አይደለም። በእኛም ቤት ተሞክሯል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የምዕራቡ ዓለም ጥቁሮች በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ከጃማይካና ከሌሎችም አገሮች ሰዎች «ወደ አገራችን ተመለስን» ብለው መጡ። ዳሩ ግን በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ ይዞታቸውም አብሮ ተነካ። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው አማርኛና ኦሮምኛ እየተናገሩ ለረጅም ዓመታት ያለ ሕጋዊ ወረቀት ኖሩ። መንግሥት መታወቂያ እንሰጣቸዋለን ያለው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። መሬት ያለ ሕጋዊ መብት እንግዳን እንግዳ አድርጎ ያስቀረዋል ማለት ነው።

ይህ ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚያሳዝነው የወሎ ሰው ታሪክ ነው። በ1977ቱ ረሀብ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል አሰፈረ። ብዙው በግድ ተወሰደ፤ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ ተለያዩ፤ በበሽታም ያለቀው አለቀ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ብዙዎች ወደ ወሎ ተመለሱ፤ የቀሩት ደግሞ ጫካ መንጥረው፣ ቡና ተክለው፣ መስጊድ ሠርተው ወለጋን አገራቸው አደረጉ። ልጆቻቸው ከወለጋ ሌላ አገር አያውቁም።

ከዓመታት በኋላ ምን ሆነ? ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገደሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከወሎ የሄዱ ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። ከተለያዩ የወለጋ አካባቢዎች የተረፉት ወደ ደብረ ብርሃን፣ እንዲሁም ወደ ሐይቅና ወደ ሌሎች የወሎ ከተሞች ሸሽተው በመጠለያ ተቀመጡ። እንግዲህ አስተውሉ! ወለጋ ተወልዶ ያደገው ወጣት «ወደ አያቶችህ አገር» መጣ። ወሎ ግን የሚያርሰው መሬት አልቆየውም። «ተመለስ» ሲባል ደግሞ በፍርሃት ይንቀጠቀጣል። ለእርሱ የአያት አገር የቱ ነው? የተወለደበት ወይስ አያቱ በረሀብ የለቀቁት?

የመቀበል ሥርዓት

በዚህ ረገድ የመዲና ሰዎች ያሳዩን መንገድ ግልጽ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን አንድ ለአንድ ወንድማማች አደረጉ። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ለአብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ የንብረቱን ግማሽ ሊያካፍለው ፈቀደ። አብዱረሕማን ግን አመስግኖ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ። ገበያ ወጥቶ ነግዶም ራሱን ቻለ። በአንድ በኩል ካለው ላይ ቆርሶ የሚሰጥ ጎረቤት፣ በሌላ በኩል ክብሩን ያልጣለ ስደተኛ! የእኛው ነጃሺም ሶሓቦችን ተቀብሎ በሰላም አኖራቸው፤ ለመሄድ በፈለጉ ጊዜም በመርከብ አሳፍሮ ሸኛቸው። በግድ አልያዛቸውም፤ በግድም አላባረራቸውም።

ከዚህ ሁሉ ሦስት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ የተጎዳውን ሰው ፈቃዱን መጠየቅ ግድ ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው ሰፈረ አይባልም፤ ተጫነ ይባላል። ሁለተኛ፣ ከመጠለያው ጋር መተዳደሪያው አብሮ ሊታሰብ ይገባል። ሦስተኛ፣ መብቱ በሕግ ይጻፍ፤ የተጋበዘው በአንድ መሪ ቃል ብቻ ከሆነ መሪው ሲለወጥ ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይህን ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ ነዋሪዎች ተነሥተው ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራ ሄደዋል። ይህ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር አንድ ነው አንልም፤ ቤትም ያገኙ አሉ። ነገር ግን እንጀራ ጋግራ ለካዛንቺስ ሆቴሎች ታስረክብ የነበረች እናት ቤቷ ከገበያዋ ሲርቅ ምን ትሆናለች? የዕድሩ ሰው ሲበተን ቀብር ማን ይወጣል?

ስለዚህ በየመስጊዱና በየዕድሩ እርዳታ የምታሰባስቡ ወንድሞችና እህቶች! ለተፈናቃይ ብርድ ልብስና ዱቄት ማድረስ መልካም ነው፤ አጅርም አለው። ነገር ግን በዚያ አይብቃ። ወደ መጠለያው ስትሄዱ መጀመሪያ «ምን ትፈልጋለህ? የት መኖር ትፈልጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ልብስ የሚሰፋ ካለ ማሽን፣ የሚነግድ ካለ መነሻ ገንዘብ አግኙለት። መታወቂያ የሌለውን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱ። ዓመት ሲሞላም ተመልሳችሁ ጠይቁት። ከመካከላችን ቀደምት አያቱ ከሌላ ቦታ ያልመጣ ማን አለ? ዛሬ በር የምንከፍትለት ሰው ነገ በር ከፋቻችን ሊሆን ይችላል።

ወላሁ አዕለም።