እንደ ቀድሞው (ዳንኤል 6፥10)

ዛሬ የምናየውን ክፍል ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። ችግሩም እሱ ነው፤ ዳንኤል ሲባል ሁላችንም ቶሎ ወደ አንበሶቹ እንሮጣለን። ዛሬ ግን አንበሶቹን ትተን መስኮቱ ጋ እንቁም።

ቁጥር 10ን ተመልከቱ። አዋጁ መፈረሙን ዳንኤል ሲያውቅ ምን አደረገ? አዲስ ነገር አላደረገም። ወደ ቤቱ ገባ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ተንበረከከ፣ ጸለየ፣ አመሰገነ። ጸሐፊውም ይህን ያደረገው ከዚያ በፊት ያደርግ እንደ ነበረው መሆኑን ይነግረናል። ለእኔ የምዕራፉ ክብደት ያለው እዚህች ላይ ነው። ለአንበሳ ጉድጓድ ተብሎ የተዘጋጀ ልዩ ጸሎት አልነበረም። የዘወትር ጸሎቱ ነው።

እስቲ ዓመቱን እንቁጠር። ዳንኤል የተማረከው በኢዮአቄም ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ605 አካባቢ ነው፤ ያኔ ገና ብላቴና ነበር። ባቢሎን የወደቀችው በ539 ነው። ስለዚህ በምዕራፍ 6 የምናገኘው ሰው ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆነው ሽማግሌ ነው። (የልጆች ሥዕል ላይ ጢም የሌለው ወጣት ስለሚያደርጉት ነው የምንሳሳተው።) ልማዱን በወጣትነቱ ጀምሮት ከሆነ፣ 60 ዓመት ብቻ ብንቆጥር፣ ከ65,000 ጊዜ በላይ ተንበርክኳል ማለት ነው። መጽሐፉ ከእነዚህ ውስጥ የነገረን በጣት የሚቆጠሩትን ነው። ስለ ቀሩት አንድም ቃል የለም።

መስኮቱ ወዴት ነበር የተከፈተው? ወደ ኢየሩሳሌም። ሰሎሞን መቅደሱን ሲመርቅ፣ የተማረኩት ወደዚያች ምድር ዞረው ቢጸልዩ እንዲሰማቸው ለምኖ ነበር (1 ነገሥት 8፥48)። ነገር ግን መቅደሱ በ586 ተቃጥሏል። ምዕራፍ 9፥21 ላይ ዳንኤል ሰዓቱን ሲነግረን የማታው መሥዋዕት ጊዜ ነበር ይላል። ልብ በሉ፣ የማታ መሥዋዕት ያኔ የለም! መሠዊያው ከፈረሰ አርባ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖታል። ሽማግሌው ግን ቀኑን አሁንም የሚቆጥረው በእርሱ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። በሰው አገር ሕይወት የሚለካው በውጤት ነው። «ወረቀት አገኘህ? ቤት ገዛህ? ልጆቹን አመጣሻቸው?» ይህ መለኪያ ቀስ እያለ ወደ መንፈሳዊ ሕይወታችንም ይገባል። «ጌታን ካገኘሁ ሃያ ዓመቴ ነው፤ ቁጣዬ ግን ያው ነው» የምትል እኅት አለች። «ለወረቀቴ ሰባት ዓመት ጸለይኩ፤ አሁን ትቼዋለሁ» የሚል ወንድም አለ። እነዚህን ሰዎች አልገሥጻቸውም፤ ድካማቸው እውነተኛ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ጸሎቱን የተውነው መልሱ ስለዘገየ ከሆነ፣ መልሱ ቢመጣስ እንቀጥል ነበር ወይ? ወረቀቱ በመጣ በወሩ ከጉባኤ የጠፉትን ሁላችንም እናውቃለን።

አዋጁ የ30 ቀን ብቻ ነበር (6፥7)። ዳንኤል «ወር ምን አላት፣ በልቤ እጸልያለሁ» ማለት ይችል ነበር። ማን ይፈርድበታል? እኛ ለሥራ ብዛት ብለን ስንት ወር አሳልፈናል!

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይምታታ። አንደኛ፣ ዳንኤል ውጤት አይፈልግም ነበር አላልኩም። በ9፥19 ላይ ጌታ እንዳይዘገይ ይለምናል፤ አጥብቆ ነው የለመነው። ሁለተኛ፣ ትጋቱ ደመወዝ የሚጠየቅበት ሥራ አይደለም። በ9፥18 የተደገፈው በእግዚአብሔር ብዙ ምሕረት ነው እንጂ በራሱ ጽድቅ አይደለም። 65,000 ጊዜ የተንበረከከ ሰው ጉልበቱን ለእግዚአብሔር እንደ ደረሰኝ አላሳየም።

የለመነውንስ አየ? ቂሮስ ምርኮኞቹን ለቀቀ፤ ዕዝራ 1ን አንብቡ። ነገር ግን በቂሮስ ሦስተኛ ዓመት ዳንኤል ያለው በጤግሮስ ወንዝ ዳር ነው (10፥1-4)፤ እንደገናም እየጾመ። ኢየሩሳሌም ገባ የሚል ቃል መጽሐፉ ውስጥ አናገኝም። ያቺን ከተማ ዕድሜ ልኩን በመስኮት ነው የጸለየላት።

ሌላም የምወደው ቦታ አለ፤ 8፥27። ታላቅ ራእይ አየ፣ ታመመም። ከዚያስ? ተነሥቶ የንጉሡን ሥራ መሥራት ቀጠለ። የማታ ፈረቃ ለምትገቡ፣ አረጋውያን ለምትንከባከቡ፣ መጋዘን ውስጥ ለምትሠሩ ይህ ቁጥር ለእናንተ ነው።

በቀን ሦስት ጊዜ የሚለውን ሕግ አታድርጉት። በሰው ቤት የምትሠሪና የምትዘጊው በር የሌለሽ እኅቴ፣ ሳህን እያጠብሽ ጸልዪ። መኪና የምትነዳ ወንድሜ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ያለችውን አምስት ደቂቃ ያዛት። ሰዓቷ ግን የታወቀች ትሁን፤ የዳንኤል ጠላቶች መቼ እንደሚያገኙት አላጡትም። ሳምንት ካመለጣችሁም ያለፈውን እንደ ዕዳ አትክፈሉ፤ የዛሬዋን ብቻ ጀምሩ።

ለሚቀጥለው ጉባኤ፣ አርብ የምትሰበሰቡም እሑድ የምትሰበሰቡም፣ ምዕራፍ 9ን አንብባችሁ ኑ። ቁጥር 23 ላይ ቃሉ የወጣው ጸሎቱ ሲጀመር ነው ወይስ ሲያልቅ? እሱን ይዛችሁ ኑ፤ ከዚያ እንጀምራለን።