ለእህቴ ልጅ፦ ስለ ሳይቴሽን ቆጠራ

ባለፈው እኔ ጋ ወደ መሰላ ስትመጪ ስልክሽ ላይ የአንድ የካንሰር ባዮሎጂ ተመራማሪ ቁጥሮች አሳየሽኝ፤ ስንት ጥናት እንዳሳተመ፣ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ፣ ኤች ኢንዴክሱ ስንት እንደሆነ። «ጋሼ፣ እኔ እዚህ መቼ እደርሳለሁ?» አልሽኝ። እኔ የጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ያረጀሁ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በስሜ የታተመ አንድም ጥናት የለኝም። ቢሆንም ማስተርስሽን ልትጀምሪ ነውና የታየኝን ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጥልሽ።

1. መጀመሪያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ እወቂ። ኤች ኢንዴክስን በ2005 ያወጣው ሆርሄ ሂርሽ የፊዚክስ ሰው ነው። ጥናቶችሽን ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረሽ ደርድሪ። 40፣ 12፣ 7፣ 5፣ 4 እና 2 ጊዜ ተጠቅሰው ከሆነ ኤች ኢንዴክስሽ 4 ነው። አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ ቢያንስ አራት ጥናቶች አሉሽ፤ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ የተጠቀሱ አምስት ግን የሉሽም። የመጀመሪያው 40 መሆኑ ቀርቶ 4,000 ቢሆን እንኳ ቁጥሩ ከ4 ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ዕድሜ ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ዛሬ የጀመረች ልጅ ከሽማግሌ ፕሮፌሰር ጋር ስትተያይ ጥጃ ከሰንጋ ጋር ሚዛን ላይ እንደ መውጣት ነው።

2. የራሳችንን ሰው ተመልከቺ። ዶክተር አሕመዲን ጀማል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የእንስሳት ሕክምና ነበር። ኋላ አሜሪካ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኤፒዲሚዮሎጂ ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ ከዚያም የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ ውስጥ የካንሰርን ስርጭት ሲከታተሉ ኖሩ። በ2011 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት የዓለም የካንሰር ስታቲስቲክስ በ2008 ብቻ 12.7 ሚሊዮን ሰው በካንሰር እንደታመመና 7.6 ሚሊዮን እንደሞተ የገመተ ነው። በ2018 የወጣውና እሳቸውም ያሉበት ደግሞ 18.1 ሚሊዮን ታማሚና 9.6 ሚሊዮን ሟች ይላል። እነዚህ ጥናቶች በየፊናቸው በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተጠቅሰዋል።

ለምን ይመስልሻል? አዲስ ጂን ስላገኙ አይደለም። ቻይና ውስጥ ስለ አንዲት ፕሮቲን የሚጽፈውም፣ ብራዚል ውስጥ አይጥ ላይ መድኃኒት የሚሞክረውም ጥናቱን የሚከፍተው «ካንሰር በዓመት ይህን ያህል ሰው ይገድላል» ብሎ ነው። ያቺ አረፍተ ነገር ምስክር ትፈልጋለች፤ ሁሉም ከዚያው ጉድጓድ ይቀዳል። ባዮሎጂ ውስጥም እንዲሁ ነው። በ1951 ሎውሪና ጓደኞቹ ያወጡት የፕሮቲን መለኪያ ዘዴ ከ300,000 ጊዜ በላይ የተጠቀሰው ላቦራቶሪ የገባ ሁሉ ፕሮቲን መለካት ስለነበረበት ነው። እኔ ይህን ሳውቅ ቁጥሩን መፍራት ተውኩ፤ ሰዎቹን ግን ይበልጥ አከበርኳቸው።

3. ስምሽን አንዴ ወስነሽ ጻፊ። ፈረንጅ የሚጠቅሰው በመጨረሻው ስም ስለሆነ ዶክተር አሕመዲን በማጣቀሻ ዝርዝር ውስጥ «ጀማል ኤ.» ናቸው፤ ማለትም የሚጠሩት አባታቸው ናቸው! አንቺም አንዱ ጥናት ላይ በአባትሽ፣ ሌላው ላይ በአያትሽ ስም ከጨረስሽ ሁለት ሴቶች ትሆኛለሽ፤ ሳይቴሽንሽም ለሁለት ይከፈላል። በላቲን ፊደል መሐመድ ብቻ በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ የክፍልሽን የስም ዝርዝር አይተሽ ቁጠሪ። በ2012 የተጀመረ ኦርኪድ የሚባል ባለ16 አሃዝ መለያ አለ፤ ክፍያ የለውም፤ አንድም ነገር ሳታሳትሚ አውጪው።

4. የጨርጨር ገበሬ ሰንጋ ሲያደልብ መንጋ አያሰማራም። አንድ ሁለት በሬ ደጁ አስሮ የማሽላውን ጭድና ቅጠል በእጁ ያጎርሳል፤ የሐረርጌ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራው በዚህ ነው። አንቺም ጥቂት ሥራ ይዘሽ በደንብ አድልቢው። አንዱን ሥራ ሦስት ቦታ ቆራርጠው የሚያሳትሙ ብዙዎች አሉ፤ አትከተያቸው።

ለካንሰር ባዮሎጂ ሰው ደግሞ ጥንቃቄ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያስፈልገዋል። በ2012 የአምጀን ኩባንያ ሰዎች 53 ትልልቅ የካንሰር ጥናቶችን ውጤት ለመድገም ሞክረው የተሳካላቸው በ6ቱ ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ሌላ ቡድን ደግሞ ከ53 ጥናቶች 193 ሙከራዎችን ልድገም ብሎ ተነሥቶ በ2021 ሲጨርስ የደገመው 50ውን ብቻ ነበር። አንዱ እንቅፋት ምን ነበር መሰለሽ? የአሠራሩ ዘዴ ሌላ ሰው እንዲሠራው ሆኖ አልተጻፈም። ብዙ የተጠቀሱ ጥናቶች ነበሩ እኮ! ስንት ማይክሮሊትር፣ ስንት ደቂቃ፣ የየትኛው ፋብሪካ ኬሚካል እንደሆነ ሳትሰለቺ ጻፊ። የተበላሸውንም ሙከራ ከማስታወሻ ደብተርሽ አትቅደጂ።

5. ገንዘብ ላኪና በሳምንት እናትምልሽ የሚል ኢሜይል ሲመጣ አጥፊው። አንተ ጥቀሰኝ እኔ ልጥቀስህ እየተባባሉ ዕቁብ የሚጥሉም አሉ፤ ዕጣው ላንቺ ቢወጣም አትግቢ።

6. ይህን ለመጻፍ ነው ሁሉን የቀባጠርኩት። እነዚያ ቁጥር 2 ላይ የጻፍኩልሽ የታማሚና የሟች ሚሊዮኖች ከየት ይመጣሉ? ከመዝገብ ነው። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው በ2011 ነው። የራሱ መዝገብ የሌለው አገር ቁጥር ከጎረቤት አገሮች እየተገመተ ይሞላል።

መዝጋቢ ሲጎድል እኔ በሠራሁበት ጤና ጣቢያ እኔው እጽፍ ነበር። አንድ ቀን እናትሽን የምታክል ሴት ከገጠር መጣች። መጀመሪያ እንጀራው አልወርድ አላት፤ ቀጥሎ ገንፎው፤ ስትደርስብኝ ወተት ብቻ ነበር የምትውጠው። ከኛ ማዶ አርሲና ባሌ ላይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንደሚበዛ ሐኪሞች ሲናገሩ ሰምቼ ነበር። ሆኖም ወረፋው ረጅም ነበርና «የጉሮሮ ሕመም» ብዬ ጽፌ ወደ አሰበ ተፈሪ ላክኋት። አልተመለሰችም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እንደዚያ የጻፍኩት የእሷን ብቻ አይደለም።

የጤና ጣቢያው መዝገቦች መጋዘን ውስጥ መኖራቸውን አውቃለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን ከእኔ በቀር የሚያነበው አይገኝም። የመመረቂያ ርዕስሽን ገና ካልመረጥሽ ከዩኒቨርሲቲሽ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ አውጥተሽ ነይ። መነጽሬን ቀይሬያለሁ፤ ተቀምጠን ገጽ በገጽ እናነበዋለን።