ወራሽ ያጣ ዛፍ

ከአፍሪቃ ቀንድ በስተ ምሥራቅ፣ በየመን ግዛት ባለችው በሶቆጥራ ደሴት፣ በሌላ አገር ዱር የማይገኝ ጃንጥላ መሰል ዛፍ ይበቅላል። ቅርፊቱ ሲቈስል እንደ ደም የቀላ ሙጫ ስለሚያወጣ ዐረቦች ሙጫውን «የሁለቱ ወንድማማቾች ደም» ይሉታል፤ ከጥንት ጀምሮም ለመድኃኒትና ለቀለም ያገለግላል። ቅጠሉ ጉሙን ይዞ ወደ ምድር ያንጠባጥባልና ከሥሩ ያሉት ዕፀዋት ይለመልማሉ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015፣ በአንድ ወር ውስጥ የተከታተሉ ሁለት ዐውሎ ነፋሳት ብዙዎቹን ዛፎች ጣሉ። ነፋስ የጣለውንስ ቡቃያ በተካው ነበር፤ ነገር ግን ቡቃያውን ፍየሎች ይበሉታልና አሮጌው ዛፍ ወራሽ አጣ። ስለዚህ የደሴቲቱ ሰዎች ችግኙን በአጥር ከልለው ያሳድጋሉ። ዕድገቱ እጅግ አዝጋሚ ስለ ሆነ፣ የተከለው ሰው በጥላው ላያርፍ ይችላል።

እንግዲህ የቆመውን ግንድ ብቻ ቈጥረን ደን አለ አንበል፤ የደን ሕይወት በቡቃያው ይታወቃልና።