የመኪና ጎማ ዳዶን በልክ ስለ ማጥበቅ

በወረዳ የሚገኝ መኪና የሹሙ መጓጓዣ ብቻ አይደለም። ዘርና ማዳበሪያ ወደ ገበሬው የሚደርሰው፥ እህሉም ወደ ገበያ የሚወጣው በርሱ ነው። ይኹን እንጂ ሞተሩን ተግተው የሚያስጠብቁ ብዙ ሹማምንትና ባለ ንብረቶች፥ ጎማው በምን እንደ ተያዘ ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ጎማውን የሚይዙት ጥቂት ዳዶዎች ናቸው። እነዚህ ከላሉ ጎማው በጕዞ ላይ ይወልቃል፤ በመኪናው ውስጥ ያሉትን ብቻ ሳይኾን በመንገድ ዳር የሚሄደውንም ሰው ሊገድል ይችላል። ሥራው የነጂው ቢኾንም ቍጥጥሩ የአለቃው ነውና፥ አሠራሩን ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን።

በመዠመሪያ ምክንያቱን ማወቅ ይገባል። ዳዶ ሲጠብቅ ብሎኑ በጥቂቱ ይሳባል፤ እንደ ተወጠረ ጠፍርም ኾኖ ቸርኬውን ከተቀመጠበት ብረት ጋራ አጣብቆ ይይዛል። ዳዶው ከላላ ቸርኬው ይንቀሳቀሳል፤ ብሎኑም ወዲያና ወዲህ እንደ ታጠፈ ሽቦ ደክሞ ይሰበራል። ከልክ በላይ ሲጠብቅ ደግሞ ጥርሱ ይበላሻል፤ የፍሬኑ ብረት ሊጣመም ይችላል፤ በመንገድም ላይ መፍታት ያስቸግራል። ስለዚህ «እጅግ የጠበቀ ይሻላል» ማለት ስሕተት ነው።

አሠራሩም እንዲህ ነው።

፩ኛ፤ መኪናው በደልዳላና በጠንካራ መሬት ይቁም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ በማይነሣው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና በታች ማንም አይግባ።

፪ኛ፤ ጎማው መሬት ሳይለቅ ዳዶዎቹ በጥቂቱ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ በክሪክ ይነሣ። በአንዳንድ አሮጌ የጭነት መኪኖች በግራ በኩል ያሉት ዳዶዎች የሚፈቱት በተቃራኒ ዙር ስለ ኾነ፥ ከማስገደድ በፊት ይመርመር።

፫ኛ፤ ቸርኬው የሚያርፍበት ፊት ከጭቃ፥ ከዝገትና ከቀለም ይጽዳ። ሠሪው ካላዘዘ በቀር በጥርሱ ላይ ዘይት ወይም ግራሶ አይቀባ፤ ዳዶው ሲያንሸራትት በዚያው ጕልበት ብሎኑ ከልኩ አልፎ ይሳባልና።

፬ኛ፤ ኹሉም ዳዶዎች አስቀድመው በእጅ ይግቡ። ሾጣጣ ጫፍ ያላቸው ሾጣጣው ወደ ቸርኬው ይኹን። ቀጥሎ በመፍቻ በመጠኑ ይጥበቁ፤ ነገር ግን በተርታ አይደለም። አንዱ ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለው ይከተል፤ አምስት ከኾኑ አንዱን እየዘለሉ ነው። ይህ ቸርኬው ሳይዛባ እኩል እንዲያርፍ ያደርጋል።

፭ኛ፤ መኪናው ከወረደ በኋላ በዚያው ተራ እስከ መጨረሻው ልክ ይጥበቁ።

ልኩ በኒውተን ሜትር ይነገራል። 1 ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ 10 ኪሎ ቢንጠለጠል ወደ 98 ኒውተን ሜትር ይኾናል። ለትንንሽ አውቶሞቢሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ90 እስከ 140 ሲኾን፥ ለከባድ የጭነት መኪና ከ600 ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ የአንዱ ልክ ለሌላው አይኾንም፤ ከመኪናው መጽሐፍ ተነቦ ልክ በሚያሳይ መፍቻ ይጥበቅ። በመፍቻው ላይ ቆሞ መርገጥና ቧንቧ ቀጥሎ መጫን ልኩን ያጠፋል።

ጎማ ከተለወጠ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ዳዶዎቹ እንደ ገና ይመርመሩ፤ ቸርኬው ሲደላደል ሊላሉ ይችላሉና። የትራክተር ጎማም እንዲሁ ከመዠመሪያዎቹ የሥራ ሰዓቶች በኋላ ይታይ። በዳዶው ዙሪያ የዝገት መሥመር ሲታይ፥ ወይም ጎማው ሲንኳኳ ሲሰማ፥ መኪናው ወዲያው ይቁም። ላልቶ የተገኘ ጎማ ቢጠብቅም አይታመንም፤ ብሎኑና የቸርኬው ቀዳዳ በባለሞያ ይታዩ።

ስለዚህ እያንዳንዱ አለቃ ልክ የሚያሳይ መፍቻ በዕቃ ቤቱ ያስቀምጥ፤ የመኪኖቹን ልክ በጽሑፍ ያስለጥፍ፤ ጎማ የተለወጠበትንና እንደ ገና የተመረመረበትን ቀን በመዝገብ ያስጽፍ። ይልቁንም ነጂው ዳዶ ለመመርመር ሲቆም «ቶሎ በል» ብሎ አያስቸኵለው። ምርመራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የጠፋ ነፍስ ግን አይመለስም።